ተዳፋት ላይ የተተከለው ድንኳን

ዶክተር ሰይፈ ሚካኤል ቤቴን ሊከራዩ የመጡ ዕለት፣ ቁልፍ ይዤ በሩ ላይ ስጠብቃቸው እሳቸው መጀመሪያ የሄዱት ወደ ጓሮ ነበር። የቡናውን ቅጠል ገልበጥ አድርገው አዩ፤ ጎንበስ ብለው አፈሩን በጣታቸው ፈተጉ፤ ከዚያ ቀና አሉና፣

«እትዬ፣ ይህን የጥላ ዛፍ ማን ነው የተከለው?» አሉኝ።

«ባለቤቴ ነው፤ ነፍሱን ይማረው።»

«እጃቸው የተባረከ ነበር። በሉ እሺ፣ ተከራይቻለሁ።»

ቤቱን ገብተው አላዩትም። በክረምቱ ጣራው አንድ ማዕዘን ላይ ማፍሰስ ሲጀምር ባልዲ አስቀመጡበትና ዝም አሉ። እኔ የሰማሁት ከአጥር ማዶ ካለችው ጎረቤቴ ከተሻለች ነው። ተሻለች የልብስ ሱቅ አላት። ወላጆቿ ከከምባታ መጥተው መቱ የቀሩ ናቸው፤ ድምጿ ደግሞ ከሱቋ ተነስቶ መናኸሪያው ድረስ ይሰማል። «እትዬ ጥሩአየሁ፣ ዶክተሩ እኮ ከባልዲ ጋር ነው የሚያድሩት!» ብላ ጮኸች። በማግስቱ ቆርቆሮው ተቀየረ።

ይህ የሆነው በከተማችን ዩኒቨርሲቲ በተከፈተ ሰሞን ነው። ዶክተር የመጡት ደን ለማስተማር ነበር። በማዕረግ ፕሮፌሰር እንደሆኑ ተማሪዎቻቸው ነግረውኛል፤ ሰፈሩ ግን ዶክተር እንዳለ ቀረ። የተወለዱት ደብረ ሲና አካባቢ ነው። አጠር ያሉ፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸው ከጎንና ከጎን የሸበተ ሰው ነበሩ። በበጋም በክረምትም ቦቲ ጫማ ያደርጋሉ፤ የሚለብሱት ቡናማ ሹራብ ክርኑ ላይ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል። ልብሳቸው ሲታጠብ ከኪሳቸው ፍሬ ይወጣል፤ የዋንዛ፣ የጥቁር እንጨት፣ አንዳንዴም ስሙን የማላውቀው። አጣቢዋ ለይታ በጣሳ ክዳን ላይ ታስቀምጥላቸዋለች፤ እሳቸውም የጠፋ ዕቃ እንደተመለሰለት ሰው ያመሰግኗታል። ትዳር አልነበራቸውም። ለምን እንደሆነ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ጠይቋቸዋል፤ እኔ አልጠየቅኋቸውም።

ኦሮምኛውን የተማሩት እዚሁ ነው። ሲሳሳቱ ሰው ይስቅባቸዋል፤ እሳቸውም አብረው ስቀው እንደገና ይሞክራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ሁሩሙ፣ ወደ ዳሪሙ ወይም ወደ ኖፓ ይሄዳሉ። በከረጢት ገጀራና ዳቦ ይይዛሉ፤ ሌላ ነገር ሲይዙ አላየሁም። ማንም አይልካቸውም፣ ማንም አይከፍላቸውም። በየትምህርት ቤቱ ከልጆች ጋር መደብ ያበጃሉ፣ ችግኝ ያፈላሉ፣ የታመመ ቡና ያያሉ። የባላገሩ ሰው «ባርሲሳ ሙካ» ይላቸው ነበር፤ የዛፍ አስተማሪ ማለቱ ነው። አንድ ጊዜ ሁሩሙ ላይ ልጆቹ የተከሉትን ፍየል ጨረሰው። ዳይሬክተሩ የፍየሎቹን ባለቤት ልክሰሳት ሲል ዶክተር ሄደው ሴትዮዋን የችግኙ ዘበኛ አድርገው ሾሟት። ከዚያ ወዲያ በዚያ አካባቢ ፍየል ሲያልፍ አልታየም ይባላል።

ከተማ በሚውሉበት ቀን ሐኪም ቤት ጎራ ይላሉ። ከገጠር መጥቶ ጠያቂ ያጣ ሰው ካለ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብለው ስለ አገሩ ዛፍ ያስወሩታል። የሰፈራችን እድርም ገና እንደገቡ ጸሐፊ ሊያደርጋቸው ፈልጎ ነበር። «ጽሕፈቱ በሥራዬ ይበቃኛል፤ እኔ ካስማ ልምታ» አሉ። እናም ዐሥር ዓመት ሙሉ፣ ሰው በሞተ ቁጥር፣ ሸጋው ከሚባለው ጎበዝ ጋር ሆነው የእድሩን ድንኳን የሚተክሉት እሳቸው ነበሩ። ሸጋው ገበያ ላይ ጆንያ የሚሸከም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ጥቂት ሰው ነው። ሰፈራችን ወደ ሶር ወንዝ የሚወርድ ቁልቁለት ስለሆነ ካስማ እንደ ልብ አይይዝም። ዶክተር ድንጋዩን በእግራቸው እየነካኩ «እዚህ ጋ ምታ፤ እዚህ ጋ ሥር አለ፣ ተወው» ይሉታል። ሸጋውም ይመታል። ሁለቱ ከዚህ ሌላ ብዙ ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ግን ይዋደዱ ነበር።

አሁን ስለ ቀረሮው ልናገር።

ከቢሎ ኖፓ ኦቦ ጅራታ የሚባሉ ንብ አርቢ አሉ። በዚያ አገር ደኑ በድርሻ ነው፤ ድርሻውን ቆቦ ይሉታል። በቆቦው ውስጥ ቀፎ የሚሰቅለውም ቡና የሚለቅመውም ባለ ቆቦው ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በኦቦ ጅራታ ቆቦ መካከል አንድ ትልቅ ቀረሮ ነበር። ቀረሮ ከሌላው ዛፍ ሁሉ በላይ የሚወጣ፣ ግንዱ ቀጥ ያለ፣ ሥሩ እንደ ግድግዳ የተዘረጋ ዛፍ ነው። አያታቸው ቀፎ ሰቅለውበታል፤ አባታቸውም፤ እሳቸውም። በዙሪያው ያለው ጫካ ለቡና ተብሎ እየሳሳ ሲሄድ ንፋስ አገኘውና ጣለው። ከእሱ ጋር ዐሥራ ምናምን ቀፎ ወረደ።

ኦቦ ጅራታ ዶክተርን የተዋወቋቸው ኖፓ ገበያ ላይ ነው። አማርኛቸው ከኦሮምኛ የተቀየጠ ነው፤ አንቱታ አይሆንላቸውም።

«ዶክተር ይሉሃል። የወደቀ ዛፍ ታነሳለህ?»

«የወደቀውን አላነሳም። ልጁን ግን እፈልግልዎታለሁ።»

«ልጅ የለውም። ጉሬዛው ፍሬውን ሲበላ ኖረ።»

«ወንድም አያጣም።»

እውነትም ዳሪሙ ውስጥ ሌላ ትልቅ ቀረሮ ተገኘ። ሁለቱ ሽማግሎች በእግር ሄደው ከሥሩ ፍሬ ለቀሙ። የኦቦ ጅራታ ጭንቀት ቀላል ነበር፤ ለእኔም አንድ ጊዜ ደጄ ላይ ተቀምጠው ነግረውኛል። ልጆቻቸው ከተማ ገብተዋል። ቆቦው ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ ከሌለው፣ እሳቸው ሲሞቱ የተረፈው ጥላ ይመነጠርና ቡና ብቻ ይሆናል። «ቀረሮ መሬት ውስጥ ገብቶ ልየው። ትልቅ ሆኖ እንደማላየው አውቃለሁ። ገብቶ ብቻ» አሉ።

የቀረሮ ፍሬ ግን ትዕግሥት የለውም። ከወደቀ ብዙ ሳይቆይ ካልተተከለ ይሞታል። በመጀመሪያው ዓመት ዶክተር ለቅመው እንደመጡ ጅማ ለስብሰባ ተጠሩ፤ ሲመለሱ ከረጢቱ ውስጥ ሻግቶ ጠበቃቸው። ይህን ለተማሪዎቻቸው በየዓመቱ ይነግሩ ነበር፤ «አውቄው ነው የገደልኩት፤ እናንተ ሳታውቁ ብትገድሉ ይሻላል» እያሉ። በሁለተኛው ጊዜ ጓሮዬ ውስጥ፣ ከቡናው ጥላ ሥር ዘሩት። እሱን ደግሞ የተሻለች ዶሮዎች ጫሩት። ዶክተር ምንም አላሏትም። ይልቅ በማግስቱ ከእሷ ሱቅ ሹራብ ገዙ። ተሻለች ዋጋውን ተቀብላ፣ ቆይታ ዶሮዎቿ ያጠፉትን ስትሰማ ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶሮዎቿን በገመድ አሰረች። ሰው ሁሉ ሳቀባት።

በሦስተኛው በቀለ። ለብዙ ጊዜ መሬቱ ዝም ብሎ ቆየና አንድ ጠዋት ዶክተር በቦቲያቸው ሆነው በዚያው ግቢ ያለችውን የእኔን ክፍል መስኮት አንኳኩ። «እትዬ፣ ኑ እስቲ ይዩልኝ» አሉ። እኔ ያየሁት እንደ አተር ቡቃያ ያለ ነገር ነው። እሳቸው ግን ሊስሙት ምንም አልቀራቸውም።

ቀረሮ ሲያድግም አይቸኩልም። ፀሐይ ቀጥታ ሲያገኘውም ይጠወልጋል። ስለዚህ ዶክተር ዙሪያውን አረም አያስነኩም፤ እንሰላሉ፣ ፈርኑ፣ ሳማው ሁሉ ጥላ ይሁነው ብለው ተዉት። ላየው ሰው ጓሮው ባለቤት የሌለው ይመስላል። የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሼ ደርበው በዚህ በጣም ያዝኑ ነበር። ጋሼ ደርበው በጡረታ የተገለሉ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ጫማቸው ሁልጊዜ ይጠረጋል፤ ከዘራቸው እንኳን ቅባት ይቀባል። «ዶክተር፣ ይህን ጓሮ አንድ ቀን ሸጋው ያጽዳልዎት» ይሏቸዋል። ዶክተርም «አንድ ቀን» ይላሉ። እንዲህ እየተባባሉ ዓመታት አለፉ።

በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ሲገባ ችግኞቹ ከስንዝር ትንሽ በልጠው ነበር። ዶክተር ዘንድሮ ይበቃቸዋል አሉ፤ ዝናቡ ይደላደልና ሐምሌ ላይ ወደ ኖፓ ይሄዳሉ ብለው ለኦቦ ጅራታ መልእክት ላኩ። ኦቦ ጅራታም ጉድጓዱን እየቆፈርኩ ነው ብለው መለሱ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ዶክተር ሁሩሙ ውለው ሚኒባስ ሲጠብቁ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ደከመኝ አሉ፤ ውሃ ጠየቁ። ውሃው ሲመጣ መቀበል አልቻሉም። ሰዎች በመኪና መቱ ሐኪም ቤት አደረሷቸው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዐረፉ። ልባቸው ነው አሉ ሐኪሞቹ።

እሑድ ጠዋት ጡሩምባው ተነፋ። ዝናብ አድሮበት መንገዱ ጭቃ ነበር። እኛ ሴቶቹ ቤት ውስጥ ነበርን፤ አስከሬኑ ከሐኪም ቤት መጥቶ ሳሎኑ ውስጥ ተጋድሟል። እህታቸው ወይዘሮ የምስራች ከአዲስ አበባ ሌሊቱን ተነስተው በመንገድ ላይ ናቸው። ጋሼ ደርበው ከእድሩ ወንዶች ጋር ወደ ግቢ ሲገቡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

«ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ሰው ሁሉ ይመጣል» ሲሉ በመስኮት ሰማሁ። «ከሁሩሙ፣ ከዳሪሙ ሰው ይመጣል። ዶክተር አረም ውስጥ ነበር የኖሩት ሊባልብን ነው? በሕይወታቸው ሳናደርግላቸው ቀረን። በሉ፣ ጓሮው ይጽዳ፤ ድንኳኑ እዚያ ይተከል። ሌላ ሜዳ የለም።»

ሸጋው ሥራውን ለማንም አልሰጠም። የዶክተርን ገጀራ ከግድግዳው አውርዶ ወደ ጓሮ ሄደ። ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ነገር ላድርግላቸው ብሎ ነው። ብዙም ሳይቆይ ገጀራው ሲሠራ ተሰማኝ።

አስከሬን ባለበት ቤት ስለ ተክል ማንሳት እንዴት እንደሚከብድ የሀዘን ቤት የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጎኔ እያለቀሰች ወደነበረችው ተሻለች ጆሮ ተጠጋሁና «ቀረሮውን» አልኳት። ለቅሶዋ መሃል ላይ ቆመ። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ፣ በባዶ እግሯ ወጣች።

«ሸጋው! እጅህን! እጅህን ያዝ!»

«ምን ሆንሽ?»

«ቀረሮውን ጨረስከው አንተ ሰውዬ!»

ሸጋው ገጀራውን እንዳነሳ ቀና ብሎ ወደ ዛፎቹ ጫፍ ተመለከተ። «ቀረሮ? የታለ ቀረሮ?»

«ወደ ሰማይ ምን ያሳይሃል? እግርህ ሥር ነው!»

ጋሼ ደርበው ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ደረሱ። «ተሻለች፣ አስከሬን ሳይወጣ በአረም ትጮኻለሽ? ነውር አይደለም?»

«አረም አይደለም ጋሼ! ለሱ ስል ዶሮ በገመድ አስሬ የኖርኩበት ነው! ዶሮ የሚያስር ሰው አይተው ያውቃሉ? መቱ በሙሉ ሲስቅብኝ ዝም ያልኩት ለምን መሰለዎት?»

እኔም ተከትዬ ወጥቼ ነበር። የጓሮው ግማሽ ያህል ራሰ በራ ሆኗል። ከተቆረጡት መሃል አንዳንዱ ነጭ ወተት ያንጠባጥባል፤ ቀረሮ ሲቆረጥ እንዲህ ነው። ሸጋው ያንን ወተት ሲያይ ገጀራውን መሬት ላይ አስቀመጠና ሄዶ ግድግዳው ጥግ ቆመ። ጋሼ ደርበው ጎንበስ አሉ። ለመጎንበስ ጊዜ ይወስድባቸዋል፤ ጉልበታቸው ያማቸዋል።

«ይሄ ነው?» አሉ አንዱን ችግኝ በከዘራቸው ጫፍ ሳይነኩ እያመለከቱ። «ዳሪሙ ድረስ በእግር የተሄደበት?»

«እሱ ነው።»

«እኔ እኮ ዛፍ መስሎኝ ነበር። ከካልሲዬ አይበልጥም።»

«ሲያድግ ይበልጣል!» አለች ተሻለች፤ አሁንም እየጮኸች።

«እሺ፣ እሺ። ታዲያ ድንኳኑ የት ይሁን? ከፊት ያለው ግቢ ሃያ ሰው አይዝም።» ጋሼ ደርበው ወደ እኔ ዞሩ። ድምጻቸውን ቀነስ አደረጉ። «የቀረው መንገዱ ነው እትዬ ጥሩአየሁ። ግን ሀዘንተኛ ከግቢ አስወጡ እንዳይሉዎት። ተከራይ ነውና መንገድ ላይ አለቀሱለት ይባላል። ይህ ክፉ ወሬ ነው፤ አይጠፋም።»

እውነታቸውን ነው። በሰፈራችን ከዚህ የከፋ ሐሜት የለም።

«መንገዱ ላይ ይሁን ጋሼ» አልኳቸው።

ጋሼ ደርበው «ቀበሌው መንገድ ለምን ዘጋችሁ ካለኝ ዛፍ ነው እላለሁ» ብለው ወጡ።

መንገዱ ላይ ካስማው አልያዘም። ሸጋው እየመታ ያለቅስ ነበር። ድንጋዩ ላይ ሲነጥርበት «ይህን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው» ይላል። በመጨረሻ የድንኳኑን ገመዶች አንዱን ከእኔ አጥር፣ አንዱን ከተሻለች ሱቅ በር፣ ሌላውን ከመብራት ምሰሶው አሰሩት። ወንበሮቹ ግን ምን ይደረግ? መንገዱ ቁልቁል ነው። በየወንበሩ የታችኛው እግር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደረገ፤ ዝናብ ሲመታው ድንጋዩ ይሰምጣል፣ የተቀመጠው ሰው ቀስ እያለ ወደ ጎረቤቱ ያዘነብላል። ከዩኒቨርሲቲው ሱፍ ለብሰው የመጡት መምህራን አንዱ ባንዱ ላይ ተደግፈው ዋሉ። አንድ ትልቅ ሰው ከነወንበራቸው ሲንሸራተቱ ሁለት ሰው ያዛቸው።

ወይዘሮ የምስራች የደረሱት እረፋዱ ላይ ነው። እንደ ወንድማቸው አጠር ያሉ ናቸው። ከመኪና ወርደው ድንኳኑን ሲያዩ ቆሙ።

«ግቢ የለውም ወንድሜ?» አሉ። «ተከራይ ስለሆነ ነው?»

እኔ ሄጄ እጃቸውን ያዝኩና፣ ወንድማቸው ወደ ተጋደሙበት ሳሎን ከማስገባቴ በፊት፣ ወደ ጓሮ ወሰድኳቸው። የተረፉትን አሳየኋቸው። ምን እንደሆኑ፣ ለማን እንደሆኑ ነገርኳቸው። ወይዘሮ የምስራች ቁጢጥ ብለው ችግኞቹን አንድ በአንድ አዩ። ነጠላቸው ጭቃ ነካ።

«ለዚህ ነው መንገድ ላይ የተቀመጣችሁት?»

«አዎ፣ እመቤቴ።»

«ይሁን። እሱም ቢኖር ድንኳኑን ራሱ ያወጣው ነበር።»

ከዚያ ገብተው አለቀሱ። ቀብሩ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ፤ የሁሩሙ ልጆች በሰልፍ መጡ፤ የፍየሎቹ ባለቤትም መጣች። ከቀብር መልስ ወይዘሮ የምስራች ሦስቱንም ቀን መንገዱ ላይ፣ ከሁሉም በታች ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። በሁለተኛው ቀን ዝናቡ ሲበረታና ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል፣ ከዶክተር የቀድሞ ተማሪዎች አንዷ ሲፋን የምትባለው «ዶክተር ‹ተዳፋት ላይ ዛፍ እንጂ ሰው አይተከልም› ይሉን ነበር» አለች። በመጀመሪያ የሳቁት ወይዘሮ የምስራች ናቸው። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ፤ ተመልሶም አለቀሰ።

ኦቦ ጅራታ ለቀብሩ ደርሰው ነበር። ሦስት ቀን ከሰው ጋር ተቀመጡ፤ ስለ ችግኙ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እንዲያ ያለ ጊዜ መጠየቅ ነውር መስሏቸዋል። ድንኳኑ ሲነሳ ግን ተነስተው ወደ ጓሮ ሄዱ፤ እኔም ከኋላ። ሸጋው እዚያ ነበር። ድንኳኑን ከተከለ ወዲያ ሰው ፊት አልታየም፤ ለካ ከቡናው ሥር ተቀምጦ የተሻለችን ዶሮዎች ሲጠብቅ ነው የሰነበተው። በሀዘኑ ግርግር ገመዳቸውን ያሰረ ሰው አልነበረማ።

ኦቦ ጅራታ የተቆረጡትን በጣታቸው እየነኩ አለፉ፤ የተረፉትንም እንዲሁ።

«ማል ጎቴ?» አሉት ሸጋውን። ምን አደረግህ ማለታቸው ነው።

«አረም መስሎኝ ነው ኦቦ። እንዲያምርላቸው ብዬ ነው።»

«ያንን ወተት አየህ?»

«አየሁ።»

«ካየህ በቃ።» ኦቦ ጅራታ እንደ ራሳቸው ጉዳይ አድርገው፣ «ቁፋሮ ትችላለህ? ጉድጓዱ አላለቀም፤ ወገቤ እምቢ አለኝ» አሉት።

የቀረው ጭንቀት የማዛወሩ ነገር ነበር። ሲፋን ሁሩሙ ግብርና ቢሮ ትሠራለች። መምህሯ ለጉዞው ያሰቡትን ታውቅ ነበርና ሐምሌ አጋማሽ ላይ መጥታ ሥሩ እንዳይበጠስ አፈሩን በሰፊው ዙሪያውን ቆርጣ ችግኞቹን አነሳች። እኔና ተሻለች አፈሩን በደረቀ ኮባ ጠቅልለን በልጥ አሰርን። ተሻለች ስታስር ድምጿ አይሰማም ነበር፤ ያን ቀን ብቻ። ችግኞቹ በአይሱዙ ላይ ቆመው ሄዱ፤ ከመኪናው መንገድ በኋላ ደግሞ በሰው እጅ። እኔም ሄድኩ። ኖፓን ከዚያ በፊት አላውቃትም። ጫካው ውስጥ ሲገባ ብርሃኑ አረንጓዴ ይሆናል፤ የወደቀው ትልቁ ቀረሮ ገና እዚያው ተጋድሞ የዛፍ ሽበት አብቅሏል። ከእሱ ጎን ለጎን፣ ሰማይ በታየበት ክፍተት ዳር ዳር፣ ሸጋው የጨረሰው ጉድጓድ ተደርድሯል።

ጋሼ ደርበው በጠራረጉት ጫማቸው መጥተው ነበር። የዶክተር ስም የተጻፈበት የቆርቆሮ ሰሌዳ አሠርተው ይዘዋል። ኦቦ ጅራታ ሰሌዳውን ግራ ቀኝ አዩት።

«ያምራል። ግን እዚህ አይቆምም።»

«ለምን? ክብር ነው እኮ!»

«ሰሌዳ ያለበት ጫካ የመንግሥት ነው ይላሉ። የመንግሥት ከሆነ የሚጠብቀው ሰው የለም። ያለ ሰሌዳ የጅራታ ነው።»

ጋሼ ደርበው ተከራከሩ፤ ተቆጡ፤ በመጨረሻ ሰሌዳውን ወደ መቱ መልሰው የእድሩ ዕቃ ቤት በር ላይ ሰቀሉት። ዛሬም አለ። ከዚያ ከዘራቸውን ግንድ ላይ አስደግፈው አንዱን ችግኝ ተንበርክከው ተከሉ። ሲነሱ ሁለት ሰው ረዳቸው፤ ሱሪያቸውን ለማራገፍም አልሞከሩም።

ኦቦ ጅራታ የመጨረሻውን ችግኝ ራሳቸው አስገቡ። አፈሩን በመዳፋቸው ጠቀጠቁ። እዚያው ጥቂት ተቀምጠው፣ ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው በሉ፤ ለእኛም አካፈሉን።

በበጋው አንዳንዱ ደረቀ። አንዳንዱን አሳማ ነቀለው። በዓመቱ፣ ንቦች ከገተማ ዛፍ አበባ የሠሩት ማር በሚቆረጥበት ሰሞን፣ እኔና ተሻለች ልናይ ሄድን። ብዙዎቹ ቆመዋል፤ ቅጠላቸው ጠንክሮ አንጸባርቋል። ሸጋው ከእኛ በፊት ደርሶ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጆንያ መሸከሙን ትቶ ወደ ኖፓ መምጣት ለምዷል። በእጁ እንጂ በገጀራ አያርምም። ኦቦ ጅራታ ጉቶ ላይ ተቀምጠው ያዩታል። ዛፍ መውጣቱን ያን ዓመት አቁመዋል፤ ቀፏቸውን የሚያወርድላቸው የጎረቤት ሰው ነው።

«እነዚህ ሲደርሱ ቀፎ የምትሰቅልባቸው አንተ ነህ» አሉት ሸጋውን።

«እኔ?» ሸጋው ቀና አለ። «እኔ ከፍታ እፈራለሁ ኦቦ። የእድሩን ድንኳን ምሰሶ እንኳን ወጥቼ አላውቅም።»

«ይህን የሚያክል ሰውዬ?»

«ይህን ያህል ስለሆንኩ ነው የምፈራው! ብወድቅ እኮ ብዙ ነኝ።»

ተሻለች ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ድምጿ በጫካው ውስጥ ሄዶ ጉሬዛ አስነሳ።

ኦቦ ጅራታ አልሳቁም። አጠገባቸው ያለውን ችግኝ አዩ፤ ጉልበታቸው ድረስ እንኳን አልደረሰም። «አትቸኩል» አሉት። «እስኪያድግ ትለምዳለህ። ባትለምድም ልጅ ትወልዳለህ።»

«ሚስት የለኝም እኮ።»

«እሱንም አትቸኩል አልኩህ? እሱን ቶሎ አድርገው!»

ሸጋው እየሳቀ ተመልሶ ጎንበስ አለ። የሚቀጥለውን ችግኝ ዙሪያ ማረም ጀመረ፤ ጥላ የሚሆነውን ፈርን እየለየ፣ እየተወ።